ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ለናፈቅሽኝ እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ ብርድ ሲመጣ የእማዬ ጉልበት ብቻ ያኮርፋል።

እንደመከርሽኝ ከአለቃዬ ዘንድ ለቅቄ የራሴን የልብስ ስፌት ሱቅ ተከራየሁ። ቁልፉን ከተቀበልኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ በየቀኑ ዘይት እቀባዋለሁ። መጀመሪያ የታፔላው ቀለም አልደረቀም ነበር። ቀጥሎ መጋረጃው አጠረብኝና ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ከዚያ ሰኞ ይሻላል አልኩ፤ ሰኞ ደግሞ ዘነበ። እማዬ «ሱቁን ልትከፍቺው ነው ወይስ ልትድሪው?» ትለኛለች። ምን ለማለት እንደፈለገች እንጃ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ ስጠርግ አንዲት እናት ጨርቅ ታቅፈው ብቅ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሱቅ መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው? የልጄን የሠርግ ቀሚስ ላሰፋ ነበር።»

መጥረጊያዬን እንደያዝኩ «ባለቤቷን ልጠይቅልዎት» አልኳቸው።

ኧረ እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሁት? ሴትዮዋ አመስግነውኝ ሄዱ፤ እኔም የጠረግኩትን መልሼ ጠረግኩት። ግራ ገብቶኛል።

እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ እኔም እንደዚያው። ቶሎ ጻፊልኝ። ሴትዮዋ ነገ ጠዋት ይመለሳሉ፤ ባለቤቷ ምን የምትላቸው ይመስልሻል?

ታናሽሽ