ከኳየር የታገድኩ ዕለት

ሆሳዕና፣ እሑድ ኅዳር 7 ቀን 1962 ዓ.ም.

ዛሬ ከኳየር ታገድኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኤርሲዶ ከስብከቱ በኋላ ቆመው ስሜን ከነአባቴ ስም ጠሩና፣ "የመዝሙር ዜማ ወስዳ የፍቅር ዘፈን አድርጋዋለች፤ ንስሐ እስክትገባ ከመዘምራን ጋር አትቆምም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጓደኞቼ ከበላይነሽና ከአስቴር ጋር ሦስት ሆነን መዝፈን ስንጀምር የራሳችን ዜማ አልነበረንም። እኔ የማውቀው መዝሙር ብቻ ስለሆነ "ጌታዬ" የሚለውን "ውዴ" ብዬ ቀየርኩት። አርብ ዳምቦያ ከተማ ሄደን ስንዘፍነው ሕዝቡ ደጋግሞ አስዘፈነን። ወሬው ቀድሞን ሆሳዕና ገባ።

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይ ቆየሁ እንጂ ምንም አልተሰማኝም። ነጩን የኳየር ልብስ አጥፌ ስመልስ አቶ ኤርሲዶ "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። እሺ አልኩ። በላይነሽ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ ጠርታኝ "በቃ፣ አሁን ሙሉ ለሙሉ የኛ ሆንሽ" ብላ ሳቀች። ለሷም እሺ አልኩ።

እማዬ ቀድማኝ ቤት ገባች። ምሳ አቅርባልኝ ዘወር አለች። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ያንኑ ዜማ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። "ውዴ" ነው የምትለው። ቤት ስለማመድ ሰምታ ጆሮዋ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ልብ አላለችውም።

ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ካወቀች ታቆማለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ በልቤ ከዜማዋ ጋር የሚሄደውን ሁለተኛውን ድምፅ ያዝኩላት።