ያጠብኩት መስመር

ውድ ሾፌሬ፣

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። በቀን አንድ ገጽ እንኳን አይሞላልኝም። ቀኝ እጄ ቶሎ ይዝላል፤ ትንሽ ከጻፍኩበት ከብብቴ ጀምሮ ይጎትተኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በልብስ ላይ የሚሰፋ የደንበኛ ስም ከመጻፍ በቀር እስክሪብቶ ብዙ አልያዝኩም። ፊደሌ ሲንጋደድ አይተሽ እንዳትስቂብኝ። ወይም ሳቂብኝ። ሳቅሽ ናፍቆኛል።

አንቺ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሞላ። ቤቱ እንደተውሽው ነው። የሥራ ጃኬትሽ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አጥቤ ልሰቅለው አስቤ አቅቶኝ ሳላጥበው ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበች ሴት የልጇን ጃኬት ማጠብ አቃታት ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከሰባት ወር በፊት ከማሽኑ እርጥብ አንሶላ ሳወጣ፣ ክምሩን ደረቴ ላይ ደገፍ ሳደርገው የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። አዝራር መሰለኝ። ልብሴን ፈተሽኩ፣ አዝራር የለውም። ያኔውኑ ገባኝ። አንሶላውን አስጥቼ ጨረስኩና ሆስፒታል ሄድኩ።

ጡቴን አወጡት። የእኔ ቀኙ ነው፣ ያንቺ ግራው ነበር። «አንድ ላይ ብንቆም አንድ ሙሉ ሴት ይወጣናል» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ይህንኑ በአንቺ ድምፅ ነው። ኬሞውንም ጨረስኩ። ባለፈው ወር ሐኪሙ አስቀመጠኝና ወረቀቱን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«ከብብትዎ ካወጣናቸው ንፍፊቶች በሦስቱ ውስጥ በሽታው ተገኝቷል። አራትና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ያለ ጥያቄ ጨረር ይውሰዱ እልዎት ነበር። አንድም ባይገኝ ምናልባት ይቅርብዎ እል ነበር። እርስዎ መሐል ላይ ነዎት። እኔ ቢወስዱ እመርጣለሁ፤ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ ያስቀረዋል አልልዎትም። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።»

የአንቺ ሁለት ነበር። አንቺንም መሐል ላይ ነሽ ብለውሽ ነበር።

ከአንቺ ጋር ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ስለነበረችው ቅዳሜ አንድም ቀን አላወራንም። አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም ፈራሁት። አሁን እኔ ላንሳው።

ጠዋት ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ፀሐይ ይገባ ነበር። ግራ እጅሽን ገና ወደ ላይ ማንሳት ስለማትችይ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እኔ ነበርኩ የማጥብሽ። ፀጉርሽ ገና እንደ ጥጥ እየበቀለ ነበር። ጀርባሽን ጨርሼ ወደ ፊት ስዞር ጠባሳሽ ዙሪያ ሐምራዊ መስመር አየሁ። አንዱ ከአንገትሽ ሥር ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ብብትሽ ይሄዳል፣ መሐል ላይ የመደመር ምልክት አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ማን ሞነጫጨረብሽ?» አልኩሽ።

«ሆስፒታል ናቸው» አልሽኝ።

«ሥራቸውን ጨርሰው ሳያጠቡ ነው እንዴ የሚለቁት ሰውን? እኔ ጋ ቢቀጠሩ አንድ ቀን አይቆዩም!»

አልመለስሽልኝም። እኔ ከቀዶ ሕክምናው ወይም ከሆነ ምርመራ የተረፈ ቆሻሻ ነው ብዬ ነበር። በሳሙና ባሸው አልለቅም አለ። እልህ ያዘኝ፤ ታውቂኛለሽ፣ ቀለም አያሸንፈኝም። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ልክ በሸሚዝ ኪስ ላይ የፈሰሰ እስክሪብቶ እንደማስለቅቀው፣ እንዳይስፋፋ ከዳር ወደ መሐል፣ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። ጠባሳውን እንዳልነካ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ እጄን ታያለሽ። የመጨረሻዋ ነጥብ ስትለቅ ነው የተናገርሽው።

«እማ፣ ይሄ እኮ ለጨረሩ የተሣለ ነው። ሰኞ ለሚጀመረው።»

ጥጡ ከእጄ ወደቀ። «ምነው ታዲያ ዝም አልሽኝ?»

«ሥራ ላይ ነበርሻ። አንቺን ሥራ ላይ ማን ያስቆማል?» ብለሽ ሳቅሽ። «አንቺ ያላስለቀቅሽው ነገር የለም እኮ። ዕጢውንም መጀመሪያ ላንቺ ነበር መስጠት።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቅሽን አቆምሽና ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ ዓይንሽ ላይ ሽፋሽፍት አልነበረም፣ እንደ ሕፃን ነበር ያየሽኝ።

«ታዲያ ልተወው እንዴ?» አልሽኝ።

ልጄ፣ የጻፍኩልሽ ለዚህች ቦታ ስል ነው። እዚህ ለመድረስ ነው አምስት ቀን የፈጀሁት።

«ተይው» አልኩሽ። «በቃሽ። ጡቱ ከነምናምኑ ወጥቷል፤ ባዶ ቦታ ላይ ምን ሊያቃጥሉ ነው?»

«እሺ» አልሽ። ቶሎ ነው ያልሽው። ፎጣውን ከእጄ ተቀብለሽ ተጠቀለልሽበት።

የፈራሽው ክንድሽን እንደነበር አውቃለሁ። ጨረሩ ትከሻሽን ካደረቀው ያንን ትልቅ መሪ ማዞር ያቅተኛል ብለሽ ነበር። ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ከስድስት ወር በላይ አንቺን ሲጠብቅ ቆይቶ ነበር፣ አለቃሽ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። በወሩ ተመለስሽ። ቀበቶው ጠባሳሽን እንዳይፍቀው ከአሮጌ ፎጣ ትንሽ ትራስ ሰፋሁልሽ፤ «የሾፌር መዐረግ» ብለሽ ሰየምሻት። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነዳሽ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ፌርማታው ላይ ስታዪኝ ጥሩንባ እያሰማሽ ሰው ፊት ታሳፍሪኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብተሽ ጣቴን ይዘሽ ጠባሳሽ ጫፍ ላይ አሳረፍሽው። «እማ፣ እዚህ ጋ ንኪ» አልሽኝ። ነካሁ። ከቆዳሽ ሥር ትንሽ ጠጠር። ልክ መስመሩ ያለፈበት ቦታ። ሁለታችንም ስለ መስመሩ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ካንቺ ጋር የነበረኝ የመጨረሻው ዓመት በሙሉ ያቺን ቃል ሳላነሳ ያለፈ ዓመት ነው።

በቀደም ለእኔም መስመሩን ሣሉልኝ። ገና አልወሰንኩም ብዬ ነበር፤ «ግድ የለም፣ ይሣልልዎትና ያስቡበት፣ ሰኞ ባይመጡ ማንም አይይዝዎትም» አሉኝ። የምትሥለው ልጅ ባንቺ ዕድሜ ናት፤ ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ በሚንቀሳቀስ መብራት እየለካች፣ ያንኑ ሐምራዊ ቀለም ያዘች። ስትጨርስ፦

«እናቴ፣ ይሄ እንዳይለቅ ይጠንቀቁ። ሳሙና አያስነኩት፣ አይሹት።»

«ቢለቅስ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ችግር አለው፣ ይመጣሉ፣ እንደገና እንሥለዋለን። አሥር ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ይለቅበታል፣ ላብ ይበቃዋል እኮ።»

አሥር ደቂቃ!

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያቺ ጠጠር ከወጣች ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ጥጡን በሕልሜ አየዋለሁ። ለካ እጄ ምንም አላጠፋም። ይህንን ለአንቺም ነግረውሽ ነበር፤ ለሁሉም ሰው ነው የሚነግሩት። እንደገና እንደሚሣል እያወቅሽ ነው «ልተወው እንዴ» ብለሽ የጠየቅሽኝ። ስለ ቀለሙ አልነበረም ጥያቄሽ።

ሂጂ እንድልሽ ነበር የፈለግሽው? ወይስ ተይው እንድልሽ? እየዞርኩ አስቤዋለሁ፤ አላውቅም፤ የማውቀው ለምን ተይው እንዳልኩ ብቻ ነው። «በቃሽ» አልኩሽ፤ የበቃኝ ግን እኔ ነበርኩ። ስድስት ወር ትውከትሽን ስቀበል፣ ሌሊቱን ትንፋሽሽን ሳዳምጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፀጉርሽን አፍጥጦ ሲያይ ከሰው ስጣላ ደክሞኝ ነበር። ሆስፒታሉ ደጃፍ ሌላ አምስት ሳምንት መቆም አስጠላኝ። ልጄ ዳነች ብዬ ወደ ሥራዬ መመለስ ፈለግኩ። የራሴን ድካም ያንቺ አስመስዬ ነው የመለስኩልሽ። አንቺ ደግሞ ድካሜን ያየሽ ይመስለኛል። እሺታሽ ቶሎ የመጣው ለዚያ ይሆን?

ይህን ለሰው አልነገርኩም ነበር። ትናንት ለተኳሿ ነገርኳት። ከእኔ ጋር እስካሁን ካውያ ላይ ናት፤ ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ፣ አሁን ደንበኛው ሁሉ በእሱ ነው የሚጠራት። ሰኞ አልሄድም አልኳት። ልጄን ተይው ብዬ አስቀርቼ ለራሴ ስሆን ብሄድ በምን ዓይኔ ጃኬቷን አየዋለሁ አልኳት።

ካውያውን አቆመች። «ምነው፣ ወረፋ ነው እንዴ? ለእሷ አልደረሳትም ብለሽ ያንቺን የምትመልሺው?»

«አይገባሽም አንቺ።»

«አዎ አይገባኝም። ራስሽን መቅጣት አምሮሽ ከሆነ ይሄን የጠረጴዛ ልብስ ክምር ተኩሺልኝ፣ ደህና ቅጣት ነው።» ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ እህቴ፣ አሁን እዚህ በር ላይ ቆማ ያንኑ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?»

እንፋሎቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷም እንዳላየች ሆነች።

ዛሬ እሑድ ጠዋት ቤት ድረስ መጥታ አጠበችኝ። ቀኝ እጄን ማንሳት ስለማልችል እኔም በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያው በርጩማ። ጀርባዬን ጨርሳ ወደ ፊት ስትዞር ቆመች። መስመሩን አየችው። የረጠበውን ጨርቅ ይዛ እጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«በጌታ፣ እዚህ ጋ ምን ላድርግ? እጄ ሊዝልብኝ ነው» አለች።

«እዚያ ጋ እለፊው» አልኳት።

ሲወጣ ሰማሁት፤ ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ዙሪያውን ብቻ በደረቅ ፎጣ ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «እንግዲህ ነገ ሥራ እንዳላይሽ» አለችኝ። «አታዪኝም» አልኳት። እሷን ከሸኘሁ በኋላ ነው ይህን የመጨረሻ ገጽ የያዝኩት።

ለተኳሿ ያልመለስኩትን ላንቺ ልመልስ። ብሄድ አንቺ አትመለሽም። ብቀርም አትመለሽም። ሐኪሙም ይቀንሰዋል እንጂ አላለኝም፤ ምናልባት እንዳንቺ ጫፉ ላይ ጠጠር ይወጣብኝ ይሆናል፣ ያኔም የምከሰው አይኖርም። ግን ይህን መስመር ሁለተኛ አላስለቅቀውም። አንድ ጊዜ በዚያ በርጩማ ፊት ቆሜ መልሱ ጠፍቶኛል፤ አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጬ ያ ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ገባኝ። የሚጠይቀው ሰው ብቻዬን ልሂድ ወይ ማለቱ ነው። ለእኔ ዛሬ የሚመልስልኝ የለም፤ ላንቺ ግን እኔ ነበርኩልሽ፣ መመለስ ነበረብኝ።

ነገ ጠዋት ሰባት ቁጥርን እይዛለሁ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የፎጣ ትራስሽን ብብቴ ሥር አደርጋታለሁ፣ መዞሪያው ላይ ሲንገጫገጭ ይጎዳኛል። ሃያ አምስት ቀን ነው። ይደክመኝ ይሆናል፤ ሲደክመኝ ደክሞኛል እላለሁ፣ በሌላ ሰው አላሳብበውም። ከዚያ ስመለስ ጃኬትሽን አጥበዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።

አራት ዓመት ከስድስት ወር የዘገየ መልስ ነው፣ ግን ተቀበይኝ፦

ሂጂ ልጄ። ይሣሉት እንደገና፣ አሥር ደቂቃ ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ።

አጣቢዋ እናትሽ