ገንቦሽን እዚያው ተዪያት

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዝናብ ሲጠና እንደሚያምሽ ስለማውቅ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አንቺ ትታሰቢኛለሽ። የምታልቢያት ጎሽስ ወለደች? ወንድሜስ ከሚስቱ ጋር ታረቀ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ባንዋርና አማቴ ኬሳር እጅ ነስተዋል። እኔም ጤናዬ ደህና ነው፤ ተቆጥቻለሁ ግን፣ እሱን አልደብቅሽም።

በወንድሜ በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። አባትሽን በቤትሽ ውሃ አጠጥተሽ አዋረድሽን፣ አጎትሽ ሩጋናት በየደጁ እያወራብን ነው፣ ምን ነክቶሽ ነው ብለሻል። ምን እንደነካኝ ልንገርሽ። ሩጋናት እዚህ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

አባባ የመጡት እንደ ወጉ የዝናቡን በዓል ጣፋጭና ልብስ ሊያደርሱልኝ ነው። ጠዋት መጥተው ማታ ሊመለሱ። የዳሯት ልጅ ወልዳ እስክትስም ድረስ በቤቷ ውሃ እንኳ አይቀመስምና፣ አንቺ የቀዳሽላቸውን ውሃ በነሐስ ገንቦ ይዘው ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ያን ዕለት ጎርፉ መንገዱን ቆረጠውና ከጆድፑር ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። አባባ ከዚያችው ገንቦ እየተጎነጩ ሰነበቱ። ሙቀት ላይ የዋለ ውሃ ምን እንደሚሆን መቼም ታውቂያለሽ፤ ክዳኑን ስከፍተው ሸተተኝ። ከጉድጓዳችን ንጹሕ ውሃ ቀድቼ ባቀርብ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከጎረቤት ላምጣልዎ ብል፣ መንደሩ በሙሉ የልጄ መንደር ነው አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ተቅማጡ ያዛቸው። ሜዳ ሲመላለሱ ውለው እግራቸው ከዳቸው። ዓይናቸው ጎደጎደ፣ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አየችና፣ ሰውዬው ካልጠጡ ይሞታሉ፣ በዚህ ጭቃ ሆስፒታል አይደርሱም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። አባባም ሰሙ። ሰምተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ስሜ ከሚሞት እኔ ልሙት።

እኔ ግን አንቺ ያስተማርሽኝን ሁሉ እሳት ላይ ጣድኩ። ሩዝ ቀቅዬ ውሃውን አጠለልኩና ጨው ቆነጠርኩበት። ከሙን ቆልቼ ወቀጥኩ፣ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ጋርም መታሁት። አማቴ የሮማን ልጣጭ አፈላች፤ ሆዱ ይጹም እንጂ ምንም አይቅመስ ስትል አንዴ ስገላምጣት ወደ ልጣጯ ተመለሰች። ደግ ሴት ናት፣ ቂም አልያዘችብኝም።

ከዚያ ኩባያዬን ይዤ ፊታቸው ቁጭ አልኩ። አባባ፣ ውሃዋ የሚያረክስ ልጅ ልጅ አይደለችም፤ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ አይደለሁም አልኳቸው። እርስዎ መንገድ ላይ የወደቁ ሰው ነዎት፣ እኔም ባዳ ነኝ፣ ከባዳ እጅ ውሃ መጠጣት ነውር የለውም፣ ይጠጡ አልኩ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ይሰማል። አማቴ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ኩባያውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጋሁ።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞቱብኝ ብዬ ጎንበስ ስል፣ ከባዳ እጅማ አልጠጣም፣ በይ አጠጪኝ ልጄ አሉኝ።

ልጄ ብለው ነው የጠጡት፣ እማዬ። ይኼን ሩጋናት አልነገረሽም። የሩዙን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። መጀመሪያ አስመለሳቸው፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሰጠሁ፣ ረጋላቸው። ቀጥሎ የሮማኑን፣ ቀጥሎ አሬራውን። ሲነጋ ሩዝና ማሾ አላልቼ ቀቀልኩላቸው፣ ጨው አነሰው ብለው ነቀፉኝ፤ ያኔ እንደዳኑ አወቅኩ። መንገዱ ሲከፈት በእግራቸው ሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ገንቦዋን ኒሙ ሥር ረስተዋት ሄዱ። የረሱ ግን አይመስለኝም።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። አላፈርኩም፣ አላፍርምም። የሞተ አባት ስም ታቅፌ ከምቀመጥ የሚነቀፍ አባት ይኑረኝ። መድኃኒቱም ያንቺው ነው፤ በእኔ እጅ ያጠጣሻቸው አንቺ ነሽና ሐሜቱን አብረን እንካፈላለን።

ሩጋናት ወግ አዋቂ ከሆነ ደግሞ ወጉን እስከ መጨረሻው ይናገረው። ሰሞኑን ቅቤ ሲነጠር ሽታውን አልችለውም፣ ከቤት ሮጬ እወጣለሁ። ከሙኑን ለራሴም ጠዋት ጠዋት በውሃ ማፍላት ጀምሬአለሁ። አማቴ ከጉድጓድ ውሃ እንዳልቀዳ ከልክላኛለች፤ ያማረኝን ያልበሰለ ማንጎም ከሰው እየደበቀች ታመጣልኛለች። እንግዲህ አባባ ወግ አላፈረሱም፣ ጥቂት ቀደሙ እንጂ። ይኼን ለእሳቸው ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ለሩጋናት ጮክ ብለሽ።

የብርዱ ወራት ሲያልፍ፣ ለቀለም በዓል ሰሞን ነይልኝ። ገንቦ እንዳታዘጋጂ፤ ገንቦሽ እዚሁ እኔ ጋ ናት፣ አጥቤ ደፍቻታለሁ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽ የናፈቀውን ለማየት ያብቃሽ።

ውሃ ቀድታ የምትጠብቅሽ፣
ልጅሽ