ወገቤን በድምፅ ማጉያ ስላነበቡልኝ

ለተከበሩ የወገብ ጥናት መሪ ለአቶ ደሳለኝ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል፤ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። እኔ እርስዎ ከጻፉብኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የታች ጋይንት መንገድ ሳያሰለችዎ መጥተው፣ የሰው ወገብ በዕድሜና በጾታ እንዴት እንደሚለያይ መርምረው፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ውጤቱን በየስማችን በድምፅ ማጉያ ስላሰሙን ሕዝቡ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያመሰግንዎታል። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፦ ሴት ከወንድ፣ ወጣት ከሽማግሌ ይበልጥ ይተጣጠፋል ማለትዎን ተቀብያለሁ። ለዚህ ግን ሳጥንና ሜትር ተሸክመው መድከምዎ አሳዝኖኛል፤ አረም ሲታረም ማሳ ዳር ቢቆሙ ያዩት ነበር። እኔ እርፍ ጨብጬ ከበሬ ኋላ የኖርኩ ነኝ፤ እንደ ሴቶቹ ማን አጎነበሰኝ።

ሁለተኛ፦ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ ሳጥኑን በእጄ እንድነካ አዘዙኝ። ሳጥኑን ያኖሩት ደግሞ የነፍስ አባቴ ቄስ ስንታየሁ በተቀመጡበት አንጻር ነው። በእኛ አገር እግሩን ወደ ካህን የሚዘረጋ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ስለዚህ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ በጎኔ ዞሬ ተንጠራራሁ። እርስዎም አክብሮቴን «ደረቅ ወገብ፣ ከሁሉ መጨረሻ» ብለው መዘገቡት። ዕውቀት ይጨምርልዎ።

ሦስተኛ፣ ዋናውም ይኸው ነው፦ ያን ሲያነቡ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ ካሣነሽ ቆመው ይሰሙ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ኖሬ ኖሬ፣ በዚያው ሰሞን ወደ እሳቸው ሽማግሌ ልኬ መልስ እጠባበቅ ነበር። እሳቸው መዳፋቸው ከሳጥኑ አልፎ፣ ከእኩዮቻቸው አንደኛ ተብለው ተጨብጭቦላቸዋል። የተጨበጨበላት ሴት መጨረሻ የወጣ ወንድ ምን ይረባታል ብዬ እህል አልወርድ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ይዘው የተመለሱት ቃል ይኸውልዎ፦ «እግራቸውን ወደ ካህን ያልዘረጉ ሰው እኔንም አያዋርዱኝም። ሳጥኑ ከራቃቸው እኔ አቀብላቸዋለሁ።»

እንግዲህ ሰርጉ በጥር ነው፤ እርስዎም ተጠርተዋል። ከካህናቱ ራቅ ብለው ይቀመጡልን፤ እግርዎ ወዴት እንደሚዘረጋ አይታወቅም።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ይርጋ ብርሃኔ፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል

ማሳሰቢያ፦ ጥናትዎ ዕድሜንና ጾታን ሲቆጥር ሹመትን ረስቷል። ያን ዕለት አለቃዎ ከመኪና ሲወርዱ፣ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ ግንባርዎ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሴቶቹም በልጠዋልና ራስዎን መመዝገብ አይርሱ።