ከኋላው መስኮት ሥር ያለው አልጋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1972

ባለቤቴ አስቴር ጋ ልሄድባት ያሰናዳኋትን ተጎታች ቤት ዛሬ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ በመኪናዬ ጎትቼ ሞከርኳት። ጅራቷ እየተወዛወዘ መሪውን ከእጄ ሊያስለቅቀኝ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያሉት መካኒክ ጋሽ ሺፋ ተጎታቿን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙ ሁለት መጎተቻዎች አወጡልኝ፤ አንዱ ተራ፣ ሌላው ክብደቱን ለመኪናው የፊት ጎማዎች የሚያካፍል፣ መወዛወዙንም የሚይዝ ባለ ዘንግ። ባለ ዘንጉን መረጥኩ።

«እሱም ቢሆን ኋላዋ ከከበደ አያድንህም» አሉኝ። «አልጋውን ወደ ፊት አምጣው።»

«አይሆንም ጋሽ ሺፋ። አስቴር ከኋላው መስኮት ሥር ይሁንልኝ ብላ ጽፋልኛለች።»

«ሚስትህ አርባ ምንጭ ታስተምራለች፣ እዚህ መኪናህን ታወዛውዛለች!» ብለው ሳቁ።

አልጋውን አልነካሁትም። አስቴር ትታቸው የሄደቻቸውን የመጻሕፍት ሣጥኖች ግን አንድ በአንድ ተሸክሜ ከፊት ደረደርኳቸው። ከሰዓት ስሞክራት ቀጥ ብላ ሄደች። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ።

ወደ አርባ ምንጭ የምጓዝበትን የይለፍ ወረቀት ቀበሌ ዛሬም አልሰጠኝም። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ «ለሳምንት ና» እባላለሁ። ተጎታቿን ግቢ ውስጥ አቆምኩና መስኮቱን ከፍቼ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። የእሷን ቦታ ትቼ፣ በእኔ ጎን ብቻ።