በፀጉር ቅባት ዕቃ የተደበቀው የእማዬ እጅ

እማዬ፣

ከሄድሽ ወዲህ የጓሯችን ማንጎ አንዴ አፍርቶ ጨርሶ፣ አሁን ደግሞ አበባ ይዟል። እኛ ደህና ነን። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱን ቀጥሏል፤ ማለትም ስብሰባ ላይ ያንቀላፋና ሲነቃ «እስማማለሁ» ይላል።

ትልቁ ለውጥ ወጥ ቤትሽ ነው። የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ አልማዝ ለቅሶ ሊደርሱ ከገረሴ መጥተው፣ ይኸው ወጥ ቤቱን ወርሰው ቀሩ። በደንብ ተግባብተናል፤ እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ አልሰማም።

ችግሩ አባዬ ነው። ሁለት ሦስቴ ይጎርስና «ጠገብኩ» ብሎ ይነሳል። ሱሪው በቀበቶ ብቻ ነው የቆመው። እትዬ ደግሞ ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ይህ ቤት እጅ አጥቷል» ይላሉ። ያንቺን እጅ ማለታቸው ነው። እውነትም እጅሽ ይጣፍጥ ነበር። ግን ግማሹ እጅሽ ሲቀላ ሰፈር ገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ እንደሚሸጥ እኔና አንቺ እናውቃለን።

ትዝ ይልሻል? እትዬ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር «ያ የቻይና ጨው የሚሉት ነጭ ቅመም አእምሮ ያስረሳል» እያሉ ሲሰብኩ፣ ከሀለኮ ቅጠል ወጥሽ ሦስተኛ ጭልፋ ያስጨምሩ ነበር። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ትጨምሪላቸዋለሽ፣ እኔ ሳቄን ላፍን ጓዳ ገብቼ ትራስ እነክሳለሁ። የኬሚስትሪ መምህራችን ያው ጣዕም ቲማቲም ውስጥም አለ ብሎናል ብላቸው፣ «እሱም በልቶት ይሆናላ» አሉኝ። እሳቸው እስካሁን የረሱት መነጽራቸውን ብቻ ነው፤ እሱም ግንባራቸው ላይ ነው።

ለዚህ ነው ቅመሙን ባዶ የፀጉር ቅባት ዕቃ ውስጥ የደበቅሽው። አባዬ ራሰ በራ ነው፣ እትዬ ሻሻቸውን አይፈቱም፤ ማን ይነካዋል? «ቆንጠር ብቻ አድርጊ፣ ጨውሽን ቀንሺ፤ ከበዛ ወጡ ይለፈልፋል» ትይኝ ነበር። ደግሞም «ይህ ዕቃ በረከት አለው፣ አያልቅም» ትይ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ አንዴ ከፈትኩት። መሃሉ ላይ ጣቶችሽ የቆነጠሩበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እሱን ማበላሸት አላስቻለኝም፤ መልሼ ከደንኩት።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ግን እትዬ ፍርድ ሰጡ። «ወንድሜ እየከሳ ዝም ብዬ አላይም። ትምህርት ሲዘጋ ይህችን ልጅ ገረሴ ወስጄ ሙያ አስተምራታለሁ» አሉ። አባዬን በባዶ ቤት ትቼ ማለት ነው። «እሺ፣ ዛሬ እኔ ልሥራ፤ አባዬ ሰሃኑን ከጨረሰ እቀራለሁ» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላላሁ፣ ሀለኮውን ጨመርኩ። ከዚያ የቅባት ዕቃሽን አወረድኩ። ጣቶቼን አንቺ በቆነጠርሽበት ጎድጎድ ውስጥ ከተትኩ። ልክክ አሉ፣ እማዬ።

አባዬ አንዴ ጎረሰና ቆም አለ። ከዚያ ሰሃኑን በቂጣ ጠርጎ ድገሚኝ አለኝ። እትዬ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ አበሱ። «ደም ውኃ አይሆንም፤ ይኼ የእናቷ እጅ ነው» ብለው መዳፌን ገልብጠው ሳሙት። ልስቅ አስቤ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ዕቃ ሳጥብ አባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናትሽ የፀጉር ቅባት ሳያልቅ አይቀርም። ነገ ሲቀላ ገበያ ስወርድ አመጣልሻለሁ። ድሮም ሲጎድል የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ ለእትዬሽ እንዳትነግሪ» አለኝ።

አየሽ፣ በረከትሽ ራሰ በራ ነው።

አዲሱን የምንጨምረው ካንቺ በተረፈው ላይ ነው፤ አንድ ላይ ይደባለቃል። ቆንጠር ባደረግኩ ቁጥር አስብሻለሁ። ጨውም እቀንሳለሁ።

ገረሴ ያልሄደችው ልጅሽ