ጠረናቸው የጠፋባቸው ንቦች

ሰኞ
ዛሬ ደግሞ ከትናንቱ ይብሳል። ከግራው ቀፎ መግቢያ ሥር የሞቱትን ንቦች በመጥረጊያ ሰበሰብኩ፤ እፍኝ ሙሉ ናቸው። በሕይወት ያሉትም እርስ በርስ ተናንቀው መሬት ላይ ይንከባለላሉ።

አባዬ እግሩ ተሰብሮ አምቦ ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሁለቱን ቀፎዎች አደራ ብሎኝ ሄደ። ከአንድ ቀፎ የተከፈሉ፣ የአንድ እናት ዘሮች ናቸው።

ያደረግሁትን ለሰው አልተናገርኩም፤ እዚህ ልጻፈው። የግራው ቀፎ እጮች ሲበሰብሱ አይቼ ደነገጥኩ። ቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን፣ የሰው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ነበር። እንክብሉን ፈትቼ፣ በስኳር ውሃ በጥብጬ አምስት ቀን ሰጠኋቸው። ከዚያ እንዲጠናከሩ ብዬ ከቀኙ ቀፎ ሁለት ፍሬም፣ የማር እንጀራ የያዘ የእንጨት ማዕቀፍ፣ ከነንቦቹ ጨመርኩላቸው። አባዬ ሁሌም የሚያደርገው ነው፤ ተጣልተው አያውቁም። አሁን ግን ይገዳደላሉ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሳይታዘዝላችሁ መድኃኒት አትውሰዱ እያልኩ ሰው የምቆጣ።

ማክሰኞ
አባዬ ደወለ። ደህና ናቸው አልኩት። ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣል።
ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ንቦቹን ፈርተው ጥጃቸውን ከአጥሩ ሥር አራቁ።

ረቡዕ
ጉደር ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ንብ የሚያስተምር መምህር ሰሎሞን የሚባል አለ ተብዬ ደወልኩለት። ሁሉንም ተናገርኩ። ነገ እመጣለሁ አለኝ።

ሐሙስ
መጣ። ቀፎውን ከፍቶ ብዙ ቆየ። አልተቆጣኝም፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

ንቦች የቤታቸውን ልጅ የሚለዩት በጠረን ነው አለኝ። በዚያ ጠረን ላይ ደግሞ አንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እጅ አላቸው።

«መድኃኒቱ እነሱን ፈጅቷቸው ይሆናል። መታወቂያቸውን ነው የወሰድሽባቸው» አለ።

እርግጠኛ ግን አይደለም። እንዲህ አደረግን፦
መድኃኒት ዳግመኛ አይሰጥም።
መግቢያው ጠበበ።
የግራው ማር አይበላም።
ከቀኙ እንደገና ሁለት ፍሬም ከነንቦቹ ወጥቶ በግራው ላይ በሌላ ሳጥን ተቀመጠ፤ መሐላቸው የሽቦ ወንፊት ገባ። በቀዳዳው እየተመጋገቡ እነዚያኑ ተሕዋስያን ይቀባበላሉ፣ ጠረናቸውም ይቀላቀላል ብሎ ነው። እሑድ ወንፊቱ ይነሳል።

ካልሆነስ? ቀኙም እንዲሁ ሳስቶ ይቀራል።

ዓርብ
ወንፊቱ ላይ ከላይም ከታችም ተለጣጥፈዋል። እየተመጋገቡ ይሁን ሊናከሱ፣ መለየት አቃተኝ። ከሥራ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁ።

ቅዳሜ
አባዬን ከአምቦ አመጣሁት። ቤት ደርሶ በዓይኑ ከሚያየው ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ነገርኩት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለሰውም እንዲህ ትሰጫለሽ?» አለኝ።

አልሰጥም አልኩት። ቤታችን እስካለበት እስከ ጌዶ ድረስ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እራትም ላይ።

እሑድ
ከቸርች መልስ አባዬ ቀፎዎቹ ፊት ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። በክራንቹ ወደ ሳጥኑ ጠቆመኝ። ክዳኑን ከፍቼ ወንፊቱን ሳብኩት።

አንዲት ንብ ከላይ ወረደች። ሁለት ከበቧት። በአንቴናቸው ዳሰሷት፣ አንዷ ጀርባዋ ላይ ወጣች። አለቀላት አልኩ። ለቀቋት። ሌሎች ተከተሉ። ክዳኑን መልሼ ቆምኩ።

እስከ ቀትር የሞቱት ሰባት ብቻ ናቸው። በፊት እፍኝ ሙሉ ነበር የምሰበስበው። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ መምህር ሰሎሞንም አያውቅም።

«አንቺም ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ አባዬ። ልጄ ማለቱ ነው። ከትናንቱ ሚኒባስ ወዲህ ያናገረኝ ገና አሁን ነው።

አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።